የማይደማ ድድ

ጁን 14

ዛሬ ያየሁትን እስካሁን አላመንኩም። የታመመውን ድድ ስላይድ ማይክሮስኮፑ ሥር አስገብቼ አየሁ፣ ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁ፣ ኢምቲያዝንም ጠርቼ አሳየሁት። እሱም ዝም አለ። ኢምቲያዝ ዝም ካለ ነገሩ የምር ነው፤ ላብራቶሪያችን ውስጥ ቴክኒሻኑም ሬዲዮውም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድዳችን ውስጥ ክር የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ሌላ አይደለም፣ ክር እየፈተሉ ድድን ከጥርስ፣ ጥርስን ከአጥንት ጋር ማሰር ነው። ድድ ሲቆጣ ሁላችንም የምንከሰው ጀርሙን ነው፤ ከጀርሙ ቀጥሎ ደግሞ እሱን ሊዋጉ መጥተው ቤቱን አብረው የሚያፈርሱትን ነጭ የደም ሕዋሳት። ክር ሠሪዎቹን ማንም አይጠረጥርም። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ስጽፍ እንደ ተጎጂ ነበር የማያቸው። ዛሬ ግን ክሩን የሚያሳየው አረንጓዴ ቀለም ጠፍቶ፣ በቦታው ቀዩ ቦግ ብሎ አየሁት። ቀዩ የጥሪ ምልክት ነው። ነጮቹን ኑ እያሉ የሚጠሩት ራሳቸው ክር ሠሪዎቹ ናቸው። መፍተሉን ትተው ይጣራሉ፤ ነጮቹ ይጎርፋሉ፣ አጥንቱ ይበላል።

ማታ ለአካ ነገርኳት። አካ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ለነጠላ ጫማ የሚሆን የቆዳ ጠፍር በጥርሷ ነክሳ እየጎነጎነች ነበር። ጠፍሩን ሳትለቅ በከንፈሯ ጥግ፣ "እና ቤቱን የሠራው ሰውዬ ነው ሌባውን የጠራው? ጉድ እኮ ነው" አለችኝ። ከአማካሪዬ ከዶክተር ፋድኒስ ገለጻ ይልቅ የሷ ገባኝ።

ጁን 17

ደስታዬ አልሰነበተም። ዶክተር ፋድኒስ ስላይዶቹን አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ አልወድም።

"ጤነኛ ያልሻቸው በሙሉ ኮረዶች ናቸው። በሽተኞቹ ደግሞ አያቶች። ልዩነቱ የዕድሜ ነው ቢሉሽ ምን ትመልሻለሽ?"

ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነች፣ ድዷ ጤነኛ የሆነ ሴት ያስፈልገኛል። ሴፕቴምበር ላይ የምርምር ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ያለዚያች ሴት ሥራዬ ገለባ ነው።

ጁን 23

ዝናቡ ገብቷል። ሳምንቱን ሙሉ ክሊኒኩ በር ላይ ተቀምጬ የሴት አፍ ስለምን ሰነበትኩ።

"ትምባሆ ይጠቀማሉ እማማ?"

"ምን ቆርጦኝ። ትምባሆ የወንድ ነው።"

"ሚሽሪስ?"

"እሱማ የጥርስ ማጽጃ ነው፤ ምን ነካሽ ልጄ።"

ሁሉም እንደዚሁ ነው የሚሉት። ትምባሆውን ብረት ምጣድ ላይ እስኪጠቁር ይቆሉታል፣ ይፈጩታል፣ ጠዋት ጠዋት በጣታቸው ድዳቸውን ያሹበታል፤ ከዚያ ትምባሆ አልነካሁም ብለው ይምላሉ። ደግሞ እውነታቸውን ነው። እኔ የዚህ ሰፈር ልጅ ስለሆንኩ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ አውቃለሁ፤ ከፑኔ ከተማ የመጡት ሐኪሞች የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቀው ይጽፋሉ። አካንም ከሁለት ዓመት በፊት በስንት ጭቅጭቅ ያስተውኳት እኔ ነኝ። የሚሽሪ ቆርቆሮዋን ራሴ ነኝ ወንዝ የጨመርኩት።

ሚሽሪ የምትጠቀም ለጥናቴ አትሆንም፤ የማትጠቀም ስትገኝ ደግሞ ድዷ ገና ሲነኩት ይደማል። ማታ ራት ላይ ምርር ብዬ፣ "አንድ የማይደማ ድድ ብቻ ባገኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም" አልኩ። አካ ሳህኗን እያየች፣ "ካልደማ ጤነኛ ነው ማለት ነው?" አለች።

"አዎ፣ ዋናው ምልክት እሱ ነው" አልኳት፣ አፌ በምግብ እንደተሞላ።

ጁን 26

ቸኩያለሁ። ጃንጥላዬ ተሰበረ። ሦስት ሴት፣ ሦስቱም ደሙ። ለአካ የተቆላ ለውዝ ገዝቼላት ነበር፤ "ለነገ" ብላ አስቀመጠችው። ትናንት የገዛሁትም እዚያው አለ።

ጁላይ 2

ባፑሳሄብ ሱቅ የአካን ጉንጉን ላደርስ ሄድኩ። ጫማ ነጋዴ ነው፤ ከአባታችን ጊዜ ጀምሮ ሥራችንን የሚወስደው እሱ ነው። እኔ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ለልጁ ስለ አካ ሲነግረው ሰማሁ፦ "የኪሳባይ እጅ እንደ ድሮው አይደለም። እየው፣ ጉንጉኑ ላልቷል። ሴትዮዋ ደክማለች።"

ገብቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። እሱም ፈገግ ብሎ ሻይ አዘዘልኝ። በልቤ ሰደብኩት። ዝናብ ላይ ቆዳ እርጥብ እንደሚሆንና እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚላላ አያውቅም እንዴ? ሠላሳ ዓመት ቆዳ የሸጠ ሰው።

ለአካ አልነገርኳትም። ምን ያደርግላታል።

ጁላይ 4

የአካ ሌባ ጣት እስከ አንጓው ጠቁሯል። "የቆዳ ቀለም ነው" አለችኝ። የዚህ ወር ጫማ ሁሉ ቡናማ መስሎኝ። ለባፑሳሄብ የአዲስ ዓይነት ትእዛዝ መጥቶለት ይሆናል።

ጁላይ 7

የኤካዳሺ ጾም ካለፈ ወዲህም አካ ወደ ወትሮ ምግቧ አልተመለሰችም። እርጎ በሩዝ፣ ሩዝ በእርጎ። እሑድ ቀዩን የበግ መረቅ ሠርቼ ነበር፤ ሥጋውን ለኔ አወጣችልኝና በመረቁ ባክሪዋን፣ የማሽላ ቂጣዋን፣ አርሳ እስኪሟሟ ጠበቀች። ሥጋ የሚተወው በሽራቫን ወር ነው፣ ገና አልገባም። "ቀድመሽ ጀመርሽ?" አልኳት። "እግዜር ቀድሞ መጣሽ ብሎ አይመልሰኝም" አለች። ሳቅን። ስትስቅ የሳሪዋን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች አሁን፤ ስታረጅ ዓይናፋር ልትሆን ነው መሰለኝ።

ጁላይ 9

ተገኘ። ደግሞ የት ተገኘ፣ ቤቴ ውስጥ።

አካ ዛሬ ጠዋት ሻይ እየቀዳችልኝ፣ "የኔ ድድ አይሆንሽም?" አለች፣ ስለ ሳህን እንደምታወራ ሁሉ። የኋለኛው የተሰበረ መንጋጋ ጥርሷ መነቀል አለበት፤ ሲነቀል ከአጠገቡ ቅንጣት መቁረጥ ይቻላል። መስኮቱ ጋ ወስጄ ከንፈሯን ገለጥኩ። ድዷ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ፈዘዝ ያለ። በጣቴ ጫን አልኩት፣ በጥርስ ብሩሽ አሸሁት። አንድ ጠብታ የለም።

ሃምሳን አልፋ፣ ሚሽሪውን ትታ፣ ድዷ እንዲህ አምሮበት፣ እኔ ደግሞ በዝናብ የሰው በር ስቆም ነበር። አቅፌ ሳምኳት። "ቀስ፣ አንቺ ልጅ፣ ሻዩን ደፋሽው" አለችኝ።

ጁላይ 13

ናሙናው ተወሰደ። የጥርስ ሐኪሙ በድድና በጥርስ መሃል ያለውን ጥልቀት ልለካ ሲል አካ ፊቷን አዞረች። ኤክስሬይ ክፍሉ ጣራው አፍስሶ ማሽኑ በላስቲክ ተሸፍኗል። ወረፋው እስከ ኮሪደሩ ነው። "እህቴ ናት፤ አፏን አውቀዋለሁ፣ ጤነኛ ብለህ ጻፈው" አልኩት። ጻፈው።

ስትወጣ አፏ ጥጥ ሞልቶት፣ "ጤነኛዋ እኔ ነኝ እንግዲህ" ያለች መሰለኝ። ኮራ ብላ ነበር የምትራመደው።

ጁላይ 20

ቀይ ነው። ሙሉ በሙሉ ቀይ።

አረንጓዴ የሚባል የለም፤ ክር ሠሪዎቹ ሁሉ ይጣራሉ። ከበሽተኞቹም ብዙዎቹ እንዲህ አልቀሉም።

ኢምቲያዝ የናሙናዎቹን መለያ ቀላቅሏል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። በሰው ፊት ጮህኩበት። "የኔን እህት ከየትኛዋ አሮጊት ጋር ለወጥካት?" አልኩት። ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ "ዶክተር፣ ያንቺን እህት በማንም አልለውጥም፤ ራሴ ነኝ ቀለም የቀባኋት" አለኝ። ዶክተር የሚለኝ ሊቀልድ ነበር። ዛሬ አልቀለደም።

ጁላይ 21

ደገምኩት። በራሴ እጅ፣ ከመጀመሪያው። ቀይ።

ጁላይ 23

አዲስ የማቅለሚያ ጠርሙስ ከፍቼ ደገምኩት። ቀይ። ከተረፈው ቅንጣት ሌላ ጫፍ ቆርጬ ደገምኩት። ቀይ።

ኢምቲያዝ ለሦስት ቀን ካኮረፈኝ በኋላ ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። "ስላይዱን አራት ጊዜ ጠየቅሽው፤ ሴትዮዋን አንዴ ጠይቀሻታል?" አለኝ። ምን ብዬ ነው የምጠይቃት? ድድሽ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ለምን ይጣራሉ ብዬ?

ቀለሙ ነው። እርጥበቱ ነው። ከእርጥበቱ የተነሳ ማቅለሚያው ይበላሻል።

ጁላይ 28

ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ዘጋው። ኮሌጁም ተዘግቷል። ቤት ነኝ፣ ከአካ ጋር።

ስትሠራ ቀኑን ሙሉ አየኋት። ብዙ ጊዜ ሆኖኛል ለካ ካየኋት። ጠፍሩን የምትነክሰው በፊት ጥርሷ ነበር፤ አሁን በጎን ነው፣ እሱንም ሁለቴ ለቀቃት። በሦስተኛው ጫፉን መስኮቱ ብረት ላይ አሰረችው። "ምነው?" አልኳት። "እንዲህ ይቀላል" አለች። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ትቆያለች። ጎረቤት ምን እንደሚቆሉ እንጃ፣ ጭሱ እኛ ጋ ይገባል።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ሥራ ስለሌለኝ ነው።

ኦገስት 4

ዶክተር ፋድኒስ ሁሉንም ስላይዶች አንድ በአንድ አዩ። አልተቆጡም። "ስላይዱ አልተሳሳተም፤ እህትሽን አምጪልኝ" አሉ። ኤክስሬይ ማሽኑ ተጠግኖ ኖሯል።

ከሰዓት አመጣኋት፤ የአፏ ፊልም ብርሃኑ ላይ ሲሰቀል እኔም እዚያው ቆሜያለሁ። የታችኞቹን አራት የፊት ጥርሶች ሥር የሚይዘው አጥንት ከግማሽ በላይ ተበልቷል። ሥጋው ብቻ ነው የያዛቸው። ሐኪሙ በጣቱ ነካ ሲያደርጋቸው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሄዱ። የሌላ ሰው ፊልም መስሎኝ ጥግ ላይ ያለውን ስም አነበብኩ። ኪሳባይ። ደግሜ አነበብኩት።

ስንት የሰው ድድ አየሁ በዚህ ክረምት? ስንት አሮጊት አፍ ውስጥ ጣቴን ከተትኩ? ከዚህች ሴት ጋር በየቀኑ እበላለሁ።

ማታ፣ እዚያው ቀን። አሁን ተኝታለች። ሁሉንም ልጻፈው።

ሪክሾ ውስጥ አልተነጋገርንም። ቤት ስንገባ እሷ ሻይ ልትጥድ ስትል እጇን ያዝኩ። ያ ጥቁር ጣት። አሸተትኩት።

"አካ፣ ሚሽሪ ነው?"

እጇን ልትነጥቀኝ ሞከረች።

"ትተሻል አልነበር? ሁለት ዓመት ሙሉ ስትዋሺኝ ነበር?"

"አልዋሸሁም። ሁለት ዓመት ትቼዋለሁ። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ አንዲት ቁንጥር አልነካሁም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

ተቀመጠች። ጉልበቷን አቀፈች። እንዲህ ስትቀመጥ ታላቄ አትመስለኝም።

"በተውኩት በወሩ መድማት ጀመርኩ" አለች። "ጠዋት ስነሳ ትራሱ ላይ ደም። ባክሪ ስቆርስ ደም። ሚሽሪ እያለሁ አንድ ቀን ደምቼ አላውቅም። መተዉ ነው ያሳመመኝ ብዬ አሰብኩ። እንዳልነግርሽ ደግሞ ያስተውሽኝ አንቺ ነሽ፤ ጥፋተኛ አድርጌሽ ምን ላገኝ? ይሄ ልጅቷን ያሳዝናታል ብዬ ተውኩት።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንቺ በየቀኑ ረጥበሽ ትገቢያለሽ። የማይደማ ድድ ብቻ ባገኝ ትያለሽ። እኔ የሚያደርቀውን አውቃለሁ። ከመንደሩ ሴት ሁሉ የማያውቅ አለ? ጠዋትና ማታ አሸሁት፣ በአሥር ቀኑ ቀጥ አለ።" ቀና ብላ አየችኝ። "አልደማሁም እኮ ማንጁ። ስትነኪኝ አልደማሁም።"

ግድግዳውን ይዤ ቁጭ አልኩ። እሷ ተነስታ ሻዩን ጣደች።

እኔ አውቀው ነበር እኮ። ትምባሆ የደም ሥሩን ያጠብበዋል፤ ደሙን ይደብቀዋል እንጂ በሽታውን አያድነውም። ሲተዉት ድዱ ይደማል፤ ያ ነው እውነተኛ መልኩ፣ ያኔ ነው መታከም ያለበት። ይሄን ለተማሪዎች አስተምሬዋለሁ፣ ሰሌዳ ላይ ሥዬ። ለአካ አልነገርኳትም። ተይ ብቻ ነው ያልኳት። ቆርቆሮዋን ወረወርኩና እጄን አራገፍኩ።

ኦገስት 6

ኢምቲያዝን ይቅርታ ጠየቅኩት። "ከማን ጋር ለወጥካት ያልሽውን ነው ወይስ ሌላም አለ?" አለኝ። ሁሉንም አልኩት። ስለ አካ ስነግረው ፊቱን አዞረና የታጠበውን ቱቦ መልሶ ሲያጥብ ቆየ። "የኔም እናት ታሽ ነበር" አለ በመጨረሻ።

ኦገስት 11

ዶክተር ፋድኒስ ደስ ብሏቸዋል። ደስ ብሏቸዋል ብዬ ስጽፍ እጄ ያመኛል። "ገባሽ? ከላይ ጤነኛ፣ ከውስጥ የተለወጠ። ደሙ ሲደርቅ ሕዋሳቱ ጥሪያቸውን አላቆሙም። ይሄንን ናሙና ብንፈልግ አናገኘውም ነበር። ሥራሽን የሚያቆመው ይሄ ነው" አሉኝ።

የሚያስደነግጠኝ ይሄ አይደለም። የሚያስደነግጠኝ እኔም ለአፍታ ደስ ማለቴ ነው። ኮሪደሩ ላይ ስወጣ የጽሑፌን ርእስ እያሰብኩ ነበር። ጫማዬን ሳስር ነው አካ ትዝ ያለችኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ኦገስት 16

አካ ሚሽሪውን ራሷ ጣለችው፣ ሳልነግራት። መድማት ጀምራለች። ሐኪሙ ከሥር ያለውን ቆሻሻ ጠርጎላታል፤ የኋለኞቹ ጥርሶች ሊድኑ ይችላሉ። አራቱ የፊቶቹ ግን አይድኑም። ፊት ለፊት ነገራት። "ሁለቱን ብቻ ማስቀረት አይቻልም?" አለችው። "ለጠፍሩ ሁለት ይበቃኛል።" ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

ኦገስት 18

ባፑሳሄብ ቤት ድረስ መጣ። ለጋኔሽ በዓል የታዘዘውን ለሌላ ሰው ሰጥቷል። "እረፊ ኪሳባይ፣ ስንት ዘመን ለፋሽ" አላት። "አልደከምኩም እኮ ባፑሳሄብ" አለችው። "ማን ደከምሽ አለሽ" አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። መስኮቱ ላይ የታሰረውን ጠፍር ለረጅም ጊዜ ስትፈታው ቆየች።

ምን ልበላት? ደሞዜ ይበቃናል አልኳት። "እሱን መች አጣሁት" አለች።

ኦገስት 22

ዛሬ፣ ከየትም ሳይነሳ፦ "ያ የኔ ቁራጭ ግን ጠቀመሽ?"

ልዋሻት ፈለግኩ፣ የትኛው ውሸት እንደሚሻል አላወቅኩም። "በጣም ጠቀመኝ፣ ግን ጤነኛ ስለሆነ አይደለም" አልኳት።

አሰበችበት። "በበሽተኛም ይሠራል?"

"ይሠራል።"

"እንግዲያው አራቱ ሲነቀሉ ከዚያም ቁረጪ። እንዲሁ ከሚጣል።"

ወደ ማድቤት ገብቼ ውኃውን ከፈትኩት፣ እንዳትሰማኝ።

ኦገስት 25

ዛሬ ተነቀሉ። ገብቼ አጠገቧ ቆምኩ። ሐኪሙ ቀዳሚውን ሲይዘው ምንም ጉልበት አልፈለገም፣ እንደ በሰለ ፍሬ መጣ። አራቱም እንደዚያው። እኔ አልቆረጥኩም። ሐኪሙ "ናሙናውስ?" ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ። አካ ግን እጇን አንስታ፣ ውሰድ ውሰድ አለችው በእጇ። ወሰደ።

ከዚያ ደሙ መጣ። ብዙ ነው፤ እንደሚመጣም ነግሬያታለሁ፣ አሁን መድማቱ ደግ ነው ብያታለሁ። ሐኪሙ ጎድጓዳ ሳህኑን አቀረበላት። ኢምቲያዝ የናሙናውን ብልቃጥ ሊቀበል በሩ ላይ ቆሟል፣ ዶክተር ፋድኒስም ከኋላው። አካ አየቻቸው። ከንፈሯን ገጥማ ያዘች። ጉንጯ ሞልቷል።

ጎንበስ ብዬ ሳህኑን አገጯ ሥር ያዝኩላት። "ትፊው አካ" አልኳት። "ምንም አይደለም፣ ትፊው።"

እነሱን እያየች ዋጠችው።